ከናይትሬት ወደ አሞኒያ፦ መዳብ ለምን አቆራርጦ ይጭናል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ የምናወራው ውሃ ውስጥ ያለን ናይትሬት በኤሌክትሪክ ወደ አሞኒያ ስለሚቀይሩ ካታሊስቶች (ራሳቸው ሳያልቁ ምላሹን የሚያፋጥኑ ነገሮች) ነው። ካቶድና አኖድ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው፤ ያላወቀ የቻናሉን የመጀመሪያ ቪዲዮዎች አይቶ ይመለስ። ሰብስክራይብ የምትለዋም እዚያው ናት፣ አትናከስም።

አንድ ናይትሬት አሞኒያ ለመሆን 8 ኤሌክትሮን ይፈልጋል። ስምንት! በቃ ታክሲ አስቡ። ናይትሬት ከመገናኛ ሜክሲኮ የሚሄድ ተሳፋሪ ነው፤ ሙሉ ሂሳቡ 8 ኤሌክትሮን። መዳብ ወያላው ነው። "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ናይትሬትን ከሰልፉ ጎትቶ ያስገባዋል፤ በዚያ ዋጋ መዳብን የሚያህል ወያላ የለም። ግን አቆራርጦ ይጭናል! 2 ኤሌክትሮን ይቀበልና ሃያ ሁለት ላይ "መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!" ይላል። እዚያ ሜዳ ላይ የቀረው ተሳፋሪ ናይትራይት ነው። እሱ ደግሞ ይብሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር መጠጥ ውሃ እስከ 50 ሚሊግራም ናይትሬት ሲፈቅድ፣ ለናይትራይት የፈቀደው 3 ብቻ ነው። ስለዚህ ሃያ ሁለት ላይ ሌላ ታክሲ ይቁም፦ ኮባልት። ኮባልት ከውሃ ሃይድሮጅን ነጥቆ ላዩ ላይ ይይዛል፤ በእሱም ናይትራይቱን በቀረው 6 ሂሳብ ሜክሲኮ ያደርሰዋል። ቮልቴጁን ከልክ በላይ ከገፋችሁት ግን ወንበሩን የአጭር መንገድ ሰው ይሞላዋል፤ ሃይድሮጅን ለብቻው በ2 ኤሌክትሮን ጋዝ ሆኖ ይወርዳል። የመብራቱ ተከፈለ፣ አሞኒያው የለም።

ወደ አሠራሩ ልገባ ነበር፤ ግን ኮሜንት ላይ "ውሃውን ብናፈላውስ?" የሚለው አላስቆም ብሏል። አይሆንም! ናይትሬት ጨው ነው፣ አይተንም። በሊትር 60 ሚሊግራም ያለበትን 2 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 1.5 ሊትር ከቀረ፣ ናይትሬቱ በሊትር 80 ደረሰ ማለት ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ውሃ አጋርም ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ሁለቱም አይነኩትም። በተለይ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በዚህ ውሃ የዱቄት ወተት አትበጥብጡ፤ የደሙን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ያዳክማል። በጨርቅ ማጥለልም ያው ነው። ደግማችሁ አትጠይቁኝ... እሺ፣ ጠይቁ።

አሠራሩ በሩጫ፦ 1 በ1 ሴንቲሜትር የመዳብ ፎም (እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው መዳብ) በአሴቶን፣ ቀጥሎ በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ እጠቡ። ኮባልቱን በኤሌክትሪክ ስትለብጡት ከኮባልት ሰልፌት ይሁን። ኮባልት ናይትሬት ከሆነ የተረፈው ናይትሬት አሞኒያ ይሆንና የራሳችሁን ጨው መልሳችሁ ትለካላችሁ። ካቶዱንና አኖዱን በሜምብሬን (አዮን በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) ለዩ፤ ካልለያችሁ ክሎራይድ ያለበት ውሃ አኖዱ ላይ ክሎሪን ይሠራና አሞኒያችሁን ይበላዋል። ፖዘቲቭ አዮን የሚያሳልፍ ሜምብሬን አሞኒየምንም ስለሚያሳልፍ ሁለቱንም ክፍል ለኩ።

ሂሳቡ ይኸው፦ 100 ሚሊአምፔር ለ1 ሰዓት 360 ኩሎም ነው፤ ከዚያ የሚወጣው አሞኒያ ቢበዛ 7.9 ሚሊግራም ነው። 10 ካገኛችሁ ግኝት አይደለም፣ ብክለት ነው። ያለ ናይትሬት አንድ ጊዜ ሞክሩና ያኔ የተለካውን አሞኒያ ቀንሱ።

የሚያናድደኝ ነገር፦ ብዙ ጥናት የሚሞከረው 0.1 ሞላር ናይትሬት ላይ ነው። ይሄ በሊትር 6200 ሚሊግራም ነው! የጉድጓድ ውሃ እንዲህ አይደለም፤ ናይትሬቱ ትንሽ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየሙ ብዙ። ካቶዱ አጠገብ ያለው ውሃ አልካሊ ስለሚሆን ነጭ ቅርፊት ካታሊስቱን ይሸፍነዋል። በደካማ አሲድ እየታጠበ ይሥራ፣ ወይም ውሃው ቀድሞ ይለስልስ፤ ካልሲየምና ማግኒዚየሙ ይውጣለት።

ስትጨርሱ ደግሞ ኤሌክትሮዱን ውሃው ውስጥ ትታችሁ መብራቱን አታጥፉ። አሞኒያና አየር ባለበት መዳብ ይሟሟል። ውሃው ሰማያዊ ከሆነ ካታሊስታችሁ እየሄደ ነው፤ ኤሌክትሮዱ መጀመሪያ ይውጣ፣ ማብሪያው ከዚያ ይጥፋ።