እድራችን ምጥ ለያዛትም ይድረስ
ለእድር ተወካዮች ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን፣ እናቶችና አባቶች፤

ሥራችሁን ትታችሁ፣ ከሩቅም በእግራችሁ ተጉዛችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ የመጣሁበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልንገራችሁ። በእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ስለ ወላድ እናት አንድ አንቀጽ እንድትጨምሩ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።

እናንተን የምለምነው አቅማችሁን ስለማውቅ ነው። በዚህ አገር ሰው በሌሊት ቢያርፍ ጎሕ ሳይቀድ ጥሩምባ ይነፋል። ድንኳኑ ይተከላል፤ ቆፋሪው ተራውን ያውቃል፤ እንጀራው በማን ቤት እንደሚጋገር፣ ውኃውን ማን እንደሚቀዳ የሚጠይቅ የለም። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም ማንም አይከራከርም። ይህን ሥርዓት ማንም ከውጭ መጥቶ አላስተማረንም፤ በጀትም አልተመደበለትም። እኛው ሠርተን እኛው ያቆየነው ነው። ታዲያ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ሰፈር አንዲት እናት ምጥ ቢጠናባት ማን ነው የሚነሣው? ቃሬዛው ማን ቤት ነው ያለው? ለመኪና የሚከፈለው ገንዘብ ከማን ይገኛል? ባል ጎረቤት ያንኳኳል። ጎረቤት ወጥቶ «እስኪነጋ ጠብቁ» ይላል። አማች «እኔ ስድስቱን የወለድኩት እዚሁ ጓዳ ነው» ትላለች። ሰዓቱ ይሄዳል።

በሙያችን እናትን የሚገድሉት ሦስት መዘግየቶች ናቸው እንላለን። አንዱ ለመሄድ እስኪወሰን የሚፈጀው ጊዜ ነው። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ሐኪም፣ ደም ወይም መድኃኒት እስኪገኝ ያለው ነው። ሦስተኛው የእኛ ዕዳ ነው። ጤና ጣቢያ ደርሳችሁ ባለሙያ ካጣችሁ፣ ክብራችሁን የሚነካ ንግግር ከገጠማችሁ ዝም አትበሉ፤ ጠይቁን፣ ተቆጡን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በሰፈር የሚፈቱ ናቸው። ሚኒስቴሩ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የእናንተን በር ሊያንኳኳ አይችልም።

ለምን እንዲህ እንደምቸኩል እንድታውቁልኝ ስለ ደም መፍሰስ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ከወሊድ ጋር ተያይዞ እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው እሱ ነውና። ልጁ ይወለዳል። እልል ይባላል። የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይን ወደ ልጁ ይዞራል። ማሕፀኗ ግን እንደሚገባው አልተኮማተረም፤ ደሙ ከበታቿ ባለው ጨርቅና ሰሌን ውስጥ ይሰርጋል። ቤቱ ጨለማ ስለሆነ አይታይም። «በረደኝ» ትላለች፤ ጋቢ ይደረብላታል። «አዞረኝ፣ አፌ ደረቀ» ትላለች፤ አጥሚት ይቀርብላታል። ከዚያ ዝም ስትል «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ይባላል። ብዙ የሚደማት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በጤና ተቋም ልጁ እንደወጣ ወዲያው ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ እንወጋታለን፣ የእንግዴ ልጁ በሙሉ መውጣቱን እናያለን፣ ሆዷን እየዳሰስን ማሕፀኗ መጠንከሩን እንከታተላለን። ትልቅ ቴክኖሎጂ አይደለም። ግን መርፌው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ባለሙያም ይፈልጋል፤ ጓዳ ውስጥ አይገኝም።

የሠራነው የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች 5ቱ ብቻ ነበሩ በጤና ተቋም የተፈጸሙት። በ2019 ግን 48 ደርሰዋል። ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች ጋር ሲሰላ በ2000 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጆቻችን ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፣ በጭቃውም በፀሐዩም በር ለበር ስለዞሩ ነው። ዛሬ እዚህ ከኋላ የተቀመጡትን እዩአቸው። አንዳንዶቻችሁ መጀመሪያ ሲመጡ በር ዘግታችሁባቸው ነበር፤ ዛሬ የቤታችሁን ምስጢር የምታካፍሉት ከእነሱ ጋር ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ቁጥር ግን አለ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166 ነበር፤ በ2019 ወደ 59 ወርዷል። በተወለዱ በ28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት ግን እንዲህ አልቀነሱም። በ2016 ከ1,000 ሕፃናት 29 የነበረው በ2019 33 ሆኖ ተመዝግቧል። ክትባት የሚያድናቸውን ልጆች አድነናል። በአራስ ቤት የሚሞተውን ጨቅላ ግን ገና አልደረስንለትም፤ የአራስ ቤት ደግሞ የእናንተ ነው፣ ከሐኪም በፊት የምትገቡት እናንተ ናችሁ።

አራስ መጠየቅ ትልቅ ሀብታችን ነው። ገንፎ ይዛችሁ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላችሁ ስትገቡ ጨቅላውንም አስተውሉልኝ። ጡት መሳብ አቅቶታል? ትንፋሹ ይፈጥናል? ሰውነቱ ያተኩሳል፣ ወይስ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል? እትብቱ አካባቢ ቀልቷል ወይስ መግል ይዟል? ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ «ቀን ሲገፋ ይሻለዋል» አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። እናቶቼ፣ እንገሩን አታስደፉባት፤ ለልጁ የመጀመሪያው መከላከያው እሱ ነው። ቅቤ አታስውጡት፤ እትብቱም ላይ ምንም አትቀቡ። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ገላውን አትጠቡት፤ ብርድ ይገድለዋል፤ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይሁን። እስከ ስድስት ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም።

የሃይማኖት አባቶችን አንድ ነገር ላስቸግር። ክርስትና እስኪነሣ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ እናት ከቤት እንዳትወጣ የሚያደርጉ ቤተሰቦች አሉ። ሥርዓቱን የሚነካ ቃል ከአፌ አይወጣም። ነገር ግን የልጁ ክትባት የሚጀመረው እንደተወለደ ነው፤ ቀጣዩም በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ እናቲቱም ከዚያ በፊት መታየት አለባት። ወደ ሐኪም መሄድ ነውር እንዳልሆነ እኔ መቶ ጊዜ ብናገር የንስሐ አባት አንድ ጊዜ የተናገሩትን ያህል አይሰማም። ሼኾቻችንም እንዲሁ፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የምትናገሩት አንድ ቃል ባልን ከቤቱ ያስነሣዋል።

ሰፈር ተሰብስቦ መምከሩ ብቻ ሕይወት ያድናል ወይ ለምትሉኝ፣ በኔፓል ማክዋንፑር በሚባል ተራራማ አካባቢ የተደረገ ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። እዚያ ሴቶች በየወሩ ይሰበሰቡ ነበር፤ የምትመራቸውም ሐኪም ሳትሆን ከመካከላቸው የወጣች ሴት ነበረች። ምን እንደሚገድላቸው ራሳቸው ተነጋገሩ፤ ገንዘብ አዋጡ፣ ቃሬዛ አዘጋጁ። የጨቅላ ሕፃናት ሞት እንዲህ ያለ ቡድን ከሌለባቸው አካባቢዎች በ30 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እነሱ ቡድኑን ከባዶ ነው ያቋቋሙት። እኛ እድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ዕቁብ አለን፤ የነፍሰ ጡሮች ጉባኤም በየወሩ በጤና ኬላ ይካሄዳል። ባሎችም ኑ፤ ቡናው ለእናንተም ይበቃል።

አንቀጹ ምን ይላል ትሉኝ ይሆናል። ረጅም መሆን የለበትም። የእድሩ ጸሐፊ በአካባቢው ያሉ ነፍሰ ጡሮችን ከፈቃዳቸው ጋር፣ ከመውለጃ ወራቸው ጋር በመዝገብ ይያዝ፤ ዝርዝሩን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያገኘዋል። ምጥ ሲመጣ ቃሬዛ የሚሸከሙ አራት ሰዎች በተራ ይመደቡ፤ ለቀብር የቀረ እንደሚቀጣ እዚህም የቀረ ይቀጣ። ከየወሩ መዋጮ ጥቂት ተነሥቶ ለመጓጓዣ ይቀመጥ፤ ገንዘብ ያዡም ዳኛውን ሳይጠብቅ በሌሊት እንዲያወጣ ሥልጣን ይሰጠው። ይህን የመጨረሻውን አደራ እንዳትዘሉት። ሣጥኑ ሞልቶ ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ከሆነ ገንዘቡ ለሌሊት አይሆንም።

ቤታቸው ከመንገድ የራቀ እናቶች ደግሞ ቀናቸው ሲቃረብ በጤና ጣቢያ ማቆያ ቤት ይረፉ። ጉራጌ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ግን እናት ለምን እንደማትመጣ ጠይቄ አውቃለሁ። «ልጆቼን ማን ያያል? ላሟን ማን ያልባል?» ነው መልሷ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔ ልመልሰው አልችልም። ጎረቤቷ ትችላለች። ለማቆያው ቤትም የገንፎ እህል፣ ቡና፣ ማገዶ ከእድሩ ቢመጣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤቷ ትቀመጣለች።

የአንቀጹ ረቂቅ በአንድ ገጽ ተጽፎ በበሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ እድር አንድ አንድ ይውሰድ። እንደየሰፈራችሁ ሁኔታ አሻሽሉት፣ የማይሆነውን ሰርዙት። ከመሄዳችሁ በፊት የሚቀጥለው ስብሰባችሁ በየትኛው እሑድ እንደሆነ ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። ጠቅላላ ጉባኤው ሲወያይበት እኔና የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ተገኝተን ለሚነሣው ጥያቄ እንመልሳለን።

አመሰግናለሁ።