ችግኙ ለምን ደረቀ? የጓሮ አትክልት ጥያቄና መልስ ለሰሜን ሸዋ አድማጮች

ጥያቄ፦ የምደውለው ከደብረ ብርሃን ነው። ሸዋ ሮቢት የሚኖረው ወንድሜ የቲማቲም ችግኝ ላከልኝና በጥቅምት መጨረሻ ጓሮዬ ተከልሁት። ሳምንት ሳይሞላው አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ ሁሉ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ አገኘሁት። ምን በሽታ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ በሽታ አይደለም፤ ውርጭ ነው። ወንድምዎ የላከልዎት ችግኝም ደህና ነበር፤ ያልሆነው ወሩ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። ያ ችግኝ ጣርማ በርን ሲወጣ በአንድ ቀን ቆላን ለቆ ደጋ ገባ ማለት ነው። የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ሲሸምን የኖረው በከንቱ አይደለም!

ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ውርጭ አይችሉም። በደጋው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንዴም እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ያለበት ሌሊት ያስፈራል። መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት የሚያስቀርለት ደመና ስለሌለ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑም ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ቲማቲሙን ከጓሮዎ ከፍ ያለውን ቦታ ይስጡት፤ ቀን ፀሐይ የሚያሞቀው የድንጋይ ግድግዳ ካለም ከሥሩ ይትከሉት።

ዘሩን በጥር አጋማሽ ቤት ውስጥ፣ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ በቆርቆሮ ወይም በተቀደደ ጄሪካን ይዝሩ፤ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከታች ይኑረው። ችግኙን በመጋቢት ያውጡት። ከዚያ በላይ አያዘግዩት፤ የሐምሌ እርጥበት ሲመጣ ድንች የሚያቃጥለው የቅጠል በሽታ ቲማቲሙንም አይምረውም። ሲተክሉ ግንዱን እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ይቅበሩት፤ የተቀበረው ክፍል ሥር ያወጣል።

በጥቅምት መትከል የግድ ከሆነብዎ የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ወይም ነጭ ሽንኩርት ይትከሉ። ቀላል ውርጭ ይችላሉ። ውርጭ በሚያሰጋበት ቀን ጠዋት አፈሩን ያጠጡ፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛልና። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጆንያ ያልብሱ፤ ጆንያው ቅጠሉ ላይ እንዳይተኛ በእንጨት ይደግፉት፤ ጠዋት ይግለጡ።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነኝ። የሰላጣና የጎመን ዘር መደብ ላይ በደንብ ይበቅልልኛል፤ ከዚያ አንገቱ ይቀጥንና ዘጭ ይላል። ዘሩ መጥፎ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጥፎ ዘር ቢሆን መች ይበቅል ነበር? ይህ ከአፈር የሚነሣ ሻጋታ ነው። መንገዱን የሚከፍቱለት ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ አብዝቶ መዝራት፣ ማታ ማታ ማጠጣትና ውኃ የሚያቁር መረሬ አፈር። መደቡን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ መረሬውን በአሸዋና በደንብ በበሰበሰ ፍግ ያላሉት። ዘሩን በመስመር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይዝሩ፤ የተጨናነቀውን ያሳሱ። ያለበሱትን ጉዝጓዝ ልክ መብቀል ሲጀምር ያንሡ። አመድ የሚበትኑ ሰዎች አሉ፤ ጥቂቱ ባይጎዳም መድኃኒት ብዬ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ አንኮበር አካባቢ ነኝ። ጥቅል ጎመን ነቅዬ ስተክል ግማሹ ይጠወልጋል፤ የቀረውንም ሌሊት አንድ ነገር ከሥሩ ቆርጦ ያጋድመዋል።

መልስ፦ አባቴ፣ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የሚጠወልገው ያልተለማመደ ችግኝ ነው። ከመንቀልዎ በፊት ሳምንት ከዚያም በላይ ውኃውን እየቀነሱ፣ ጥላውን እያነሡ ፀሐይና ብርድ ያስለምዱት። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ መደቡን አጠጥተው፣ አፈሩ ሥሩን እንደያዘ በመቆፈሪያ ያንሡት። በቅጠሉ ጎትቶ መንቀል ሥሩን መበጠስ ነው፤ ብዙ ችግኝ የሚያልቀውም በዚህ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም በደመና ቀን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉና ወዲያው ያጠጡ።

የሚቆርጠው ደግሞ ቆራጭ ትል ነው። ጠዋት በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን ቢጭሩ ተጠቅልሎ ያገኙታል፤ ይግደሉት። ለተረፉት ከወረቀት ቀለበት ሠርተው፣ ጥቂቱን አፈር ውስጥ ቀብረው ግንዱን ይክበቡበት።

ጥያቄ፦ የካሮት ችግኝ እንዴት ይዛወራል?

መልስ፦ አይዛወርም። ሥሩ ይቀነጣጠብና ካሮቱ መንታ ይሆናል። እዚያው በሚያድግበት ቦታ ዘርተው ያሳሱ። ድንብላልና እንስላልም እንዲሁ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ጓሮዬ ማልማት እፈልጋለሁ። ጦስኙን ከጓሳ ነቅዬ ላምጣ?

መልስ፦ እባክዎ ጓሳን ይተዉት፤ የመንዝ ሰው ትውልድ በትውልድ ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። ጎረቤትዎ ጦስኝ ካለው መሬት ነክቶ ሥር የሰደደውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ይውሰዱ። ውኃ በማይቋጥር፣ ፍግ ባልበዛበት አፈር ላይ ይትከሉት፤ ድሎት አይወድም። የጥብስ ቅጠሉን ለመትከል አበባ ያልያዘ ለጋ ቅርንጫፍ በ12 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ የታች ቅጠሎቹን አራግፈው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይሰኩት። ሥር እስኪይዝ ሳምንታት ይፈጃልና በየቀኑ እየነቀሉ አይዩት።