ልክ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ የት ናት? (የዌዘር ፋይል ጉዳይ)

ሰላም ቤተሰብ፣ ህንፃ ዲዛይን ምትሰሩ፣ በተለይ ኢነርጂፕላስ (የህንፃን ሙቀትና የኃይል ፍጆታ ሚያሰላ ሶፍትዌር) ምትጠቀሙ ይህችን ነገር በደንብ ስሙኝ።

(ስክሪን፦ ግቢ ውስጥ የቆመ እንጨትና ጥላው)

አዲስ አበባ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉና የካቲት 4 አካባቢ በቀን 6 ሰዓት ጥላውን በጠመኔ አስምሩበት። ጥላው ገና እያጠረ ነው! በጣም ሚያጥረው 6 ከ39 ገደማ ላይ ነው። ጥቅምት 24 ላይ ደሞ 6 ከ9 አካባቢ። ሰዓታችሁ ትክክል ነው፣ ግን የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ምስራቅ ኬንትሮስ ነው፣ አዲስ አበባ ያለችው 38.75 ላይ፣ ፀሐይ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት እኛጋ 25 ደቂቃ ዘግይታ ትደርሳለች። ጋምቤላ 42 ደቂቃ ገደማ፣ ጅግጅጋ 9 ብቻ። በዛ ላይ የመሬት ዘንግ ያዘነበለ ስለሆነና በፀሐይ ዙሪያ ስትሄድ ፍጥነቷም እኩል ስላልሆነ የካቲት ላይ 14 ደቂቃ ይጨመራል፣ ጥቅምት መጨረሻ 16 ይቀነሳል።

(ስክሪን፦ የ8760 ሰዓት ሰንጠረዥ)

ዌዘር ፋይሉ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ሚያነበው የአንድ ዓመት የአየር ሁኔታ ዳታ፣ 8760 ረድፍ አለው፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ፣ የተፃፈው በሰዓት አቆጣጠር ነው፣ ፀሐይዋ የት እንዳለች ግን ሶፍትዌሩ ራሱ ፋይሉ አናት ላይ ከተፃፈው ኬንትሮስና ታይም ዞን ያሰላል። እዚጋ ነው ሚበላሸው። ከፒቪጂአይኤስ (የፀሐይ ጨረር ዳታ ሚገኝበት ድረገፅ) ያወረዳችሁት ዳታ በዩቲሲ ነው ሚመጣው፣ ማለትም ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ሰዓቶቹን ሳታስተካክሉ ታይም ዞኑን ፕላስ 3 ብላችሁ ከለጠፋችሁበት የቀትሩ ጨረር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይገባና የምስራቅ መስኮቶች በውሸት ይጋላሉ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደሞ ይመሻል። ሳይት ላይ በእጅ የተመዘገበ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ፣ የኛ 3 ሰዓት ፋይሉ ላይ 9 ነው።

እኔን በጣም ሚያሳስበኝ ግን የግማሽ ሰዓቷ ስህተት ናት፣ ምክንያቱም አትታይም። የአንድ ረድፍ ጨረር የሙሉ ሰዓቱ ድምር ነው፣ ስለዚህ የፀሐይዋ ከፍታ በሰዓቱ መሃል ነው መሰላት ያለበት፣ በሰዓቱ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ካሰላችሁት ግማሽ ሰዓት ይዛባል። ጠዋት ፀሐይ 10 ዲግሪ ላይ ሆና እናንተ 3 ዲግሪ ብላችሁ ካሰላችሁ ቀጥታው ጨረር ከ3 እጥፍ በላይ ያብጣል። አንድ የትምህርት ቤት ስራ ላይ በምስራቅ በኩል ያሉ ክፍሎች አልቀዘቅዝ ብለውኝ ጥላ ስጨምር፣ መስታወት ስቀይር ከርሜ ጥፋቱ የተገኘው እዚሁ ነው፣ ያ ሁሉ ወጪ ደሞ ባለቤቱ ላይ ሊወድቅ ነበር።

(ስክሪን፦ የአንድ ጥርት ያለ ቀን ግራፍ)

ስለዚህ ሲሙሌሽን ሳትጀምሩ አንድ ደመና የሌለበት የየካቲት ቀን ምረጡና ጨረሩን በግራፍ አውጡት። የጉብታው መሃል ከ6 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ ካልወደቀ ፋይሉን አትጠቀሙበት፣ መጀመሪያ ታይም ዞኑን እዩ።