51.6 በመቶ አግኝቶ የወደቀው የስኮትላንድ ጉባኤ

[ስክሪን፦ 1,230,937 | 1,153,502]

በግራ ያለው፣ ማርች 1 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ ስኮትላንድ የራሷ ጉባኤ፣ ማለትም የራሷ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ይኑራት ያሉ ሰዎች ቁጥር ነው። በቀኝ ያለው አይኑራት ያሉት። «አዎ» በልጧል፤ ጉባኤው ግን አልተቋቋመም።

ነገሩ የተበላሸው ከዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ነው። ከለንደን ወደ ስኮትላንድ ሥልጣን የሚያወርደው ረቂቅ ሕግ በብሪታንያ ፓርላማ ታችኛው ምክር ቤት ሲታይ፣ ከገዢው ሌበር ፓርቲ ጆርጅ ካኒንግሃም ማሻሻያ አቀረበ፤ ጃንዋሪ 25 ቀን 1978 በ166 ለ151 ድምፅ አለፈ። «አዎ» ያለው ከተመዘገበው መራጭ 40 በመቶ ካልሞላ፣ ሚኒስትሩ ሕጉን የሚሽር ትእዛዝ ለፓርላማ ያቅርብ የሚል ነው።

[ስክሪን፦ የክፍልፋይ ሥዕል፤ የታችኛው ቁጥር ቀይ ይሆናል]

ተንኮሉ ያለው ማካፈያው ላይ ነው። የሚካፈለው ድምፅ ለሰጠው ሳይሆን ለተመዘገበው ሕዝብ ነው። ድምፅ የሰጠው 64 በመቶ ገደማ ስለነበር፣ 40ውን ለመሙላት ከመጡት 63 በመቶ ያህሉ «አዎ» ማለት ነበረባቸው። የተገኘው ከተመዘገበው 32.9 በመቶ ብቻ ሆነ። ታሞ ወይም ሰንፎ ቤቱ የቀረ ሰው በውጤቱ «አይ» ካለው ጋር ተደመረ።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ይህ ነው፦ 40 በመቶ አለመሙላቱ ብቻውን ሕጉን አይሽርም፤ መሻሩም የፓርላማ ድምፅ ይፈልጋል። የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ካላሃን መንግሥት ጊዜ ለመግዛት ሲሞክር የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ የመተማመኛ ድምፅ ይሰጥ አለ፤ ተቃዋሚዎቹ ወግ አጥባቂዎችም የራሳቸውን አቀረቡ። ማርች 28 መንግሥቱ በ311 ለ310፣ በአንድ ድምፅ ወደቀ። በሜይ ምርጫ 11 መቀመጫ የነበረው ብሔራዊ ፓርቲ 2 ቀረው፤ አዲሱ ፓርላማም ሕጉ እንዲሻር በጁን ድምፅ ሰጠ።

[ስክሪን፦ 1997]

ሁለተኛው ሙከራ ቅደም ተከተሉን ገለበጠ። መጀመሪያ ሕዝበ ውሳኔ፣ ከዚያ ሕግ፤ የ40 በመቶ መስመርም የለም። ሴፕቴምበር 11 ሁለት ጥያቄ ቀረበ፦ ፓርላማ ይኑር ወይ? 74.3 በመቶ አዎ። ግብር ላይ ሥልጣን ይኑረው ወይ? 63.5 በመቶ አዎ።

የ1978ቱ ሕግ የሚወርደውን ሥልጣን ይዘረዝር ነበር፤ ያልተጻፈው ሁሉ ለንደን ይቀራል። የ1998ቱ ሕግ ግን ለንደን የሚቀረውን ዘረዘረ፦ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ ማተም የመሳሰሉትን። ያልተጻፈው ኤዲንብራ ላለው የስኮትላንድ ፓርላማ ሆነ። ቢሆንም በአንቀጽ 28(7) ለንደን ለስኮትላንድ ሕግ የማውጣት ሥልጣኗን እንደያዘች ናት።