የወባ ፈጣን ምርመራ «ኔጋቲቭ» ሲል ምን አይቶ ነው?

[ምስል፦ የግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳርቻ፣ የቡና ማሳ]

ክረምቱ ወጥቶ የቡና ለቀማ ሲጀመር የወባ ወቅትም አብሮ ይገባል። በጅማ ዞን፣ በተለይም በግልገል ጊቤ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት የቀርሳ፣ የኦሞ ናዳ፣ የጢሮ አፈታና የሰኮሩ ወረዳዎች፣ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ኬላ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ካሴት ነው።

[ምስል፦ ካሴቱ በቅርበት]

ከጣት የተወሰደችው የደም ጠብታ በአንደኛው ቀዳዳ፣ ደሙን የሚያስኬደው ፈሳሽ በሌላው ይጨመራል። ደሙ በውስጠኛው ወረቀት ላይ እየተሳበ ሲሄድ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ከተጣበቀባቸው አንቲቦዲዎች (አንድን ፕሮቲን ለይተው ከሚይዙ ሞለኪውሎች) ጋር ይገናኛል፤ የሚፈለገው ፕሮቲን በደሙ ውስጥ ካለ አንቲቦዲዎቹ እሱን ይዘው መመርመሪያው መስመር ላይ ይቀራሉ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የምናየው ቀላ ያለ ሰረዝ የእነዚሁ ቅንጣቶች ክምችት ነው። ካሴቱ እንግዲህ ተውሳኩን አያይም፤ የሚያየው ተውሳኩ የሚያመነጨውን ፕሮቲን ነው።

ፋልሲፋረም የተባለውን ገዳይ የወባ ዝርያ ለመለየት ለብዙ ዓመታት የተመረጠው ፕሮቲን ኤችአርፒ2 ሲሆን፣ ተውሳኩ በብዛት ስለሚያመነጨው ምርጫው በጊዜው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ይህን ፕሮቲን እንዲያመነጩ የሚያዛቸው ዘረመል የጎደላቸው ተውሳኮች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ የአማዞን አካባቢ ተዘገበ። እንዲህ ያለ ተውሳክ ያለበት ሰው በትኩሳት እየነደደ ምርመራው «ኔጋቲቭ» ይላል፤ ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ትንኝም ከእሱ ወስዳ ለሌላው ታስተላልፋለች። ምርመራው የሚይዛቸው ሲታከሙ የሚያመልጡት ስለሚባዙ፣ መሣሪያው ራሱ ሳያስበው አምላጮቹን እየመረጠ ያበዛል ማለት ነው።

ጎረቤት ኤርትራ መመርመሪያዋን የቀየረችው በዚሁ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያም በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከፋልሲፋረም ሕሙማን 9.7 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ሳቢያ ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ እንዲቀየር የሚመክረው ደግሞ መጠኑ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ጅማ በጥናቱ ውስጥ አልነበረችምና ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ «የጅማ ነው» ማለት አግባብ አይደለም፤ የጤና ዘገባ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ዓይነት ካሴቶች ጎን ለጎን]

ታዲያ ለምን በአንድ ጊዜ ሁሉም አይቀየርም? አማራጩ ፒኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም የሚፈልግ ካሴት ነው። ኢንዛይሙ ለተውሳኩ ኃይል ማመንጫ ስለሆነ በቀላሉ ሊጥለው አይችልም፤ ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዝርያም ኢንዛይሙ ስላለው ሁለቱም ዝርያዎች ለሚገኙበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በተጨማሪም ኤችአርፒ2 ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ሲቆይ፣ ይህኛው ተውሳኩ ሲሞት ቶሎ ይጠፋል። ጉድለቱ በደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ጥቂት ሲሆን ሊስተው መቻሉ ነው፤ በእኔ ግምት ጉድለቱን እያወቁ መቀየሩ፣ ዘረመል የጎደለው ተውሳክ በተስፋፋበት ቦታ የተሻለ ነው።

[ምስል፦ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ]

ካሴቱ «ኔጋቲቭ» ብሎ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሶ የደም ስላይድ እንዲታይለት መጠየቅ ይገባዋል። በዚያ ጊምሳ በተባለ ማቅለሚያ የተቀለመው ስላይድ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ ባለሙያውም «ተውሳክ የለም» ከማለቱ በፊት ቢያንስ 100 የእይታ መስኮችን ማየት አለበት፤ ሰልፉ በረዘመበት ቀን ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።