ዘር እህል አይደለም፤ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች፣ ሰብሎች ድርቅንና በሽታን የሚቋቋሙበትን ዘረመል የሚያጠኑ ተመራማሪ የሰጡት መልስ።

ከኩታበር፦ የስንዴ ዘረመል ከሰው ይበልጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ አምስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ስንዴው ግን እስካሁን አልኮራብንም።

ከሐርቡ፦ ዝናብ ሲቋረጥ የጎረቤቴ ማሽላ ሲደርቅ የእኔ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ምስጢሩ ምንድን ነው?

አስቀድመው ዛላውን ይመልከቱ፤ ፍሬ ያልያዘ ማሽላም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያልና። ፍሬው የሞላ ከሆነ ግን እጅዎ ላይ ያለው ብዙ ተመራማሪ የሚፈልገው ጠባይ ነው። እንዲህ ያለው ማሽላ ከማበቡ በፊት ቅጠሉን ስለሚቆጥብ በአፈሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ቶሎ አይጨርስም፤ የተረፈው ውኃ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ይደርስለታል። በዓለም ላይ ለዚህ ጠባይ በይበልጥ የሚታወቀው ምንጭ ከኢትዮጵያ የተወሰደ ማሽላ ሲሆን፣ ጠባዩን የሚወስኑት አራት ዋና ዋና የዘረመል ክፍሎች ተለይተዋል። የማሽላ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም አጠቃላይ ዘረመሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከታተመ ወዲህ፣ ድርቅ እስኪመጣ ሳንጠብቅ ከችግኝ ቅጠል ናሙና ወስደን ጠባዩ መኖሩን መመርመር እንችላለን። ስለዚህ ዘሩን ለይተው ያስቀምጡ፤ ምርጥ ዘር መጣ ብላችሁ የአገሩን ዘር አታጥፉ እያልኩ የምጨቀጭቀውም ለዚህ ነው።

ከሐይቅ፦ ድቅል በቆሎዬን ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ላድርገው?

አያድርጉት፤ ምርቱ ይቀንሳል። አዲስ ሲገዙም በከረጢቱ ላይ ያለውን መለያ ወረቀት ሳያነቡ አይክፈሉ።

ከኮምቦልቻ፦ ቀይ ቀለም ያለው የበቆሎ ዘር ተርፎን ሦስት ጊዜ አጥበን ንፍሮ ቀቀልነው። ዶሮዎቹም በልተው ምንም አልሆኑም። ችግር አለው?

እናቴ፣ የቀረውን አሁኑኑ ከማእድ ቤት ያውጡልኝ። ቀለሙ እንዳይበላ የተደረገ ምልክት ነው። ዘሩ የታሸበት ፀረ ፈንገስ ወይም ፀረ ተባይ ወደ ፍሬው ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል፤ ስለዚህ እጥበቱ ምልክቱን አስለቅቆ መርዙን ሊያስቀር ይችላል፤ መቀቀልም መቁላትም መተማመኛ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ኢራቅ ውስጥ በሜርኩሪ ውህድ የታሸ የስንዴ ዘር ለገበሬዎች ተከፋፍሎ ነበር። ብዙዎቹ ጋር የደረሰው የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ስለነበር ፈጭተው ዳቦ ጋገሩበት። ቀለሙን አጥበው ነበር፤ ለዶሮና ለከብት ሰጥተውም ወዲያው ምንም ባለማየታቸው ተማምነው ነበር። የመርዙ ምልክት የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነበርና፣ በይፋ በተመዘገበው መሠረት ከ6,500 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተው 459ኙ ሞቱ። የዛሬው መድኃኒት ያው የሜርኩሪ ውህድ ነው ማለቴ አይደለም፤ መርዝነቱ ግን አልቀረም፤ ዶሮ ዛሬ አለመሞቷም የሕክምና ምስክር ወረቀት ሊሆንዎት አይችልም። የታሸ ዘር አይበላም፣ ለከብትና ለዶሮ አይሰጥም፣ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ገበያ አይወጣም፤ ከረጢቱም ታጥቦ ዱቄት አይያዝበትም። የተረፈው ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ተቆልፎበት ይቀመጥና ምን እንደሚደረግ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይጠየቅ። ከበሉት መካከል የሚያስመልሰው፣ የሚያዞረው ወይም የሚያንቀጠቅጠው ሰው ካለ፣ ወተት እያጠጣችሁ አትጠብቁ፤ ከረጢቱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ምልክት ባይኖርም ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይቀሩ።

ከቃሉ፦ አቀንጭራ ማሽላዬን ጨረሰው።

አቀንጭራ የሰብል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጥ አረም ነው፤ የሚበቅለውም የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ንጥረ ቅመም ሲያገኝ ነው። አንዳንድ ማሽላዎች የሚቀሰቅሰውን ዓይነት እጅግ ጥቂት ብቻ ያወጣሉ፤ ለዚህ ምክንያት የሆነው ጂን፣ ማለትም የዘረመል ክፍልም ታውቋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራንና ድርቅን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ነው፤ ጎብዬና አብሺር ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህን ሲገዙም መለያ ወረቀቱን ያንብቡ። አቀንጭራውን ሳያብብ ይንቀሉት፤ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል።

ከደሴ፦ ይህ የጂኖም ጥናት ጂኤምኦ (ጂኑ የተለወጠ ሰብል) መሥራት ማለት ነው?

አይደለም፤ የአንድን ሰው ደብዳቤ ማንበብና ደብዳቤውን አርሞ መጻፍ እንደሚለያዩ ሁሉ፣ ጂኖም ማጥናትና ጂን መለወጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የእኛ ሥራ በአብዛኛው የትኛው ዝርያ ምን እንደያዘ ካወቅን በኋላ እንደ ቀድሞው አበባን ከአበባ ማዳቀል ነው።

ከደሴ ዙሪያ፦ ገብሴ ቢጫ ሆነ፤ ምን ልርጭ?

ምንም አይርጩ። የናይትሮጅን እጥረት፣ ውኃ የተኛበት ማሳ፣ በክሽክሽ የሚተላለፍ ቫይረስ፣ ሁሉም ገብስን ቢጫ ያደርጉታል፤ እኔም በስልክ ቅጠል አላይም። ሁለት ሦስት ተክል ከነሥሩ ነቅለው ነገ ጠዋት ለግብርና ባለሙያው ያሳዩ።