ፑሉ ስንት ፊት ይጥለቅ?

እሺ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ የማወራውም ስለ ፑል ነው። አዎ፣ የጓሮ መዋኛ ፑል። ዳላስ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጁላይ ላይ 100 ፋራናይት ሲያልፍ ልጆቹ ታብሌት ላይ ተጥደው ነው የሚውሉት፣ ባለቤቴ "በቃ እናስቆፍር" አለች፣ እኔም እሺ አልኩና ከዛ ምርጫው መጣ።

ያው ኮንክሪት አለ፣ ቫይኒል አለ፣ ፋይበርግላስ አለ። ቫይኒሉ መጀመሪያ ላይ ረከስ ይላል ግን የፕላስቲክ ልባሱ በየጊዜው ይቀየራል። ኮንክሪት የፈለጋችሁትን ቅርፅ ይሰራላችኋል፣ ግን ወራት ይፈጃል፣ ደግሞ ሻካራ ስለሆነ አልጌ ይይዛል፣ ከ10 ከ15 አመት በኋላም እንደገና ይለሰናል። ፋይበርግላስ ፋብሪካ ውስጥ ሞልድ ላይ ነው የሚሰራው፣ መጀመሪያ ጄልኮት የሚሉት ለስላሳው ነገር ይረጫል፣ ከዛ የመስታወት ክሩና ሬዚን የሚሉት ሙጫ ይደራረብበታል፣ አልቆ በትራክ ይመጣና በክሬን ተነስቶ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ። ስፋቱ 16 ፊት ገደማ ላይ የሚቆመውም ለዚህ ነው፣ ከዛ በላይ መንገድ ላይ አያስኬድም።

እኔን ያሳመነኝ ግን አፈሩ ነው። የዚህ ሰፈር መሬት እኮ ያው የኛው መረሬ ነው! ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በቾን ያየ ሰው ይገባዋል። ኮንክሪት ከሱ ጋር ሲታገል ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ፋይበርግላሱ ትንሽ እሺ ብሎ ይለመጣል። ብቻ ዙሪያው በአሸዋ ሳይሆን በጠጠር ይሞላ ብላችሁ ድርቅ በሉ፣ አሸዋ ውሃ ሲያገኝ ይሸሻል። ጠጠሩ ከውጭ ሲሞላ ፑሉም ውስጥ ውሃው እኩል እኩል መሞላት አለበት፣ አለዚያ ግድግዳው ይጎብጣል። እና በኋላ "ላጥበው" ብላችሁ ሙሉ በሙሉ እንዳታደርቁት፣ ከስር ውሃ ካለ እንደ ጀልባ ነው የሚያነሳው።

አሁን ዋናው ነገር። ካታሎጉ ሲመጣ ሁሉም ቀለሙ ላይ ያፈጣል፣ እኔ ጥልቀቱ ላይ ቀረሁ። ባለ 8 ፊቱ ያምራል፣ ልጆቹም መዝለያ ብለው እሱን ነው የፈለጉት። ግን እኛ ቤት ፋሲካ ሲሆን ጓሮ የሚሰበሰበውን ሰው አሰብኩት፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ የባለቤቴ አክስቶች፣ በናታችሁ ከነሱ ውስጥ ስንቱ ነው ዋና የሚችለው? ለብዙዎቻችን እኮ ዋና ማለት ግዮን ሆቴል ፑሉ ዳር ቆሞ ማየት፣ ወይ ሶደሬ ሄዶ ጠርዙን ጨብጦ መቆም ነበር። እዚህ የተወለዱት ኮርስ ወስደዋል፣ እኛ የለንበትም። እና አንዱ ህፃን ጥልቁ ጋ ቢደነግጥ ከአዋቂው ማነው ዘሎ የሚገባው? የገባውስ ሁለተኛ ሰጣሚ አይሆንም? አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 አመት ያሉ ልጆችን ከምንም በላይ የሚገድለው መስጠም ነው፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም።

ኮንክሪት ቢሆን "እዚህ ጋ ከፍ አድርጉልኝ" ይባላል፣ ይሄ ግን አልቆ የመጣ ነው፣ የመረጣችሁትን ነው የምትኖሩበት። ስለዚህ የትም ቦታ ከ5 ፊት የማይበልጥ፣ ዳሩ ላይ ሰፊ መቀመጫ ያለውን ወሰድን፣ እትዬም ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ትነክራለች። በጭንቅላት መዝለል የለም፣ አለቀ። ሻጩ ከበደው፣ "ስትሸጡት ዋጋ ይቀንስባችኋል" አለኝ፣ እኔ ቤቱን ልሸጥ አልኩ እንዴ?

አጥሩን ደግሞ ዋጋ ውስጥ አስገቡት፣ እኛ የተሰጠን ዋጋ ላይ አልነበረም፣ ቢያንስ 4 ፊት ሆኖ በሩ በራሱ የሚዘጋ። እኔና ባለቤቴም ለአዋቂ የሚሰጠው የዋና ክላስ ተመዝግበናል፣ አትሳቁ። ቀለሙን ላኮረፉት ልጆች ለቀቅንላቸው፣ አንዷ ሰማያዊ አንዱ ግራጫ ብለው እስካሁን እየተጨቃጨቁ ነው።